የጠራ ድምፅ ዋጋ፦ የዴንተን ባንዶችና የእኛ ካሴቶች

ከኦስቲን ወደ ሰሜን የሚወጣው አውራ ጎዳና ቁጥር 35 ሂልስቦሮ ከምትባል ከተማ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ምሥራቃዊው ቅርንጫፍ ዳላስን፣ ምዕራባዊው ፎርት ወርዝን አቋርጦ ይጓዝና ሁለቱ ዴንተን ላይ ተመልሰው ይገናኛሉ። በዚህ አካባቢ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ዴንተንን የምናውቃት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ ስንሄድ ወይም ወደ ኦክላሆማ ስናልፍ ነው። የሮክ ሙዚቃን የሚከታተሉ ሰዎች ግን የሚያውቋት በሌላ ነገር ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል፣ በተከራዩት ቤት ሳሎንና በመኪና ጋራዥ ውስጥ፣ በርካሽ መሣሪያ ዘፈን የሚቀርጹ ወጣቶች መናኸሪያ ነበረች። ከእነዚህ መካከል ሦስት ባንዶች፣ በሦስት ልዩ ልዩ ምክንያት፣ ሻካራ ድምፃቸውን ትተው ወደ ጠራ ድምፅ ተሻግረዋል። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሽግግር ታሪክ ይተርካል፤ ከዚያም ለምን እኛን እንደሚመለከተን ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለውን ሽግግር አድማጮች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክህደት ይተርኩታል፤ ባንዱ ገንዘብ አይቶ ነፍሱን ሸጠ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እንደ ዕድገት ያዩታል፤ ልጆቹ በመጨረሻ ሙያውን ተማሩ ይላሉ። እኔን ሁለቱም አያረኩኝም። አንደኛው ሻካራው ድምፅ ከመጀመሪያውም በነፃ ምርጫ የመጣ ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ ጥራትን አንድ ወጥ መሰላል አድርጎ፣ ሁሉም ሰው ወደ ላይ ብቻ የሚወጣበት አድርጎ ይስለዋል። በመካከል የጠፋው የዋጋ ታሪክ ነው፦ የመሣሪያ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ ዋጋ፣ የሰለጠነ የሰው ጊዜ ዋጋ።

ከመሣሪያው እንጀምር። ሎ-ፋይ የሚባለው አቀራረጽ፣ ቃሉ እንደሚያመለክተው፣ ለመነሻው ድምፅ ያለው ታማኝነት ዝቅ ያለ ማለት ነው። በ1970ዎቹ አንድ ሙሉ ስቱዲዮ ሁለት ኢንች ስፋት ባለው ክር ላይ 24 መሥመሮችን ለየብቻ ይቀርጽ ነበር። ክሩ ሰፊና ፈጣን ስለሆነ ድምፁ ከክሩ የራሱ ጫጫታ በብዙ ርቆ ይሰማል። ነገር ግን ስቱዲዮ የሚከራየው በሰዓት ነው፤ ባለሙያውም የሚከፈለው እንዲሁ። በ1979 ታስካም የተባለው የጃፓን ስም ፖርታስቱዲዮ 144 የተሰኘውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ይህ መሣሪያ በተራ የካሴት ክር ላይ፣ ማለትም ከአራት ሚሊሜትር ባነሰ ስፋት ላይ፣ አራት መሥመሮችን ይቀርጻል። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 ያወጣውን ነብራስካ የተሰኘ አልበም የቀረጸው በዚሁ መሣሪያ ነበር፤ መጀመሪያ የታሰበው ለባንዱ መለማመጃ እንዲሆን ነበር፤ ኋላ ግን ካሴቱ ራሱ አልበም ሆኖ ወጣ።

የአራቱ መሥመሮች ጉዳት ወዲያው ይታያል። አራቱ ሲሞሉ፣ ሦስቱን አንድ ላይ አደባልቆ ወደ አራተኛው መገልበጥና ቦታ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። በተገለበጠ ቁጥር ድምፁ ይሳሳል፣ የክሩ ጫጫታም ይደራረባል፤ አቦል ወደ ቶና፣ ቶና ወደ በረካ እንደሚቀጥነው ማለት ነው። ጥቅሙ ግን ከጉዳቱ ያልተናነሰ ነው። መሣሪያው አንዴ ከተገዛ በኋላ ለተጨማሪ አንድ ዘፈን የሚወጣው ወጪ የአንድ ባዶ ካሴት ዋጋ ብቻ ነው። ሰዓት የሚቆጠርበት ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውን ይዘፍናል፤ ሰዓት የማይቆጠርበት ግን ይሞክራል። የሎ-ፋይ ሙዚቀኞች እጅግ ብዙ ዘፈን የማውጣት ልማድ ከጠባይ ይልቅ ከዚህ የወጪ አወቃቀር የመጣ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ በየትኛውም የአሜሪካ ከተማ ሊሆን ይችል ነበር። ዴንተን ላይ የተጠራቀመበት ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ነው። በ1890 የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው፣ ዛሬ የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም፣ በ1947 በጃዝ ዲግሪ መስጠት በመጀመር በአገሪቱ ቀዳሚ ሆነ። በጊዜው ጃዝ የሚለው ቃል ለአስተዳዳሪዎች ስለከበዳቸው ትምህርቱን የዳንስ ባንድ ብለው ሰይመውት ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ የመንግሥት ገንዘብ ከሃምሳ ዓመት በላይ ድራም መቺ፣ ቤዝ ተጫዋችና ሳክስፎን ነፊ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ሲሰበስብ ኖረ። አልፍሬድ ማርሻል ስለ እንግሊዝ የኢንዱስትሪ መንደሮች ሲጽፍ ሙያው በአየሩ ውስጥ ያለ ያህል ይሆናል ያለው ዓይነት ነገር ተፈጠረ። ተማሪው ትምህርቱን ቢያቋርጥ እንኳ አልሄደም፤ ኪራዩ ርካሽ ነበር፣ ከጎረቤቱም ከበሮ የሚመታ አይጠፋም። የዩኒቨርሲቲው ካሪኩለም ሮክን ጨርሶ አላሰበም፤ የሮኩ ትዕይንት ግን የዚያ ካሪኩለም ያልታቀደ ውጤት ነው።

የመጀመሪያው ባንድ ሴንትሮ-ማቲክ ነው። ዊል ጆንሰን ፈንላንድ በተባለ የዳላስ ባንድ ውስጥ ድራም መቺ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቤቱ ተቀምጦ ጊታሩንም ድራሙንም ዘፈኑንም ብቻውን እየሠራ ይቀርጽ ጀመር፤ ሪዱ ዘ ስታክስ የተባለው የመጀመሪያ አልበም ከዚህ ወጣ። ድምፁ የታፈነና የተሰባበረ ነው፤ ዜማው ግን ከታች ሆኖ ይሰማል። ኋላ ባንዱ በሰው ሞላ፤ ከተቀላቀሉት አንዱ ማት ፔንስ የድራም ተጫዋችም የድምፅ ባለሙያም ነበር። በ1998 ኢሊኖይ ውስጥ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ መንደር ሄደው ስድሳ ያህል ዘፈኖችን ቀርጸው ተመለሱ፤ ከዚያ ክምር ውስጥ ብዙ አልበም ተቆርጦ ወጣ። ከዚህ በኋላ የሚታየው መጥራት ድንገተኛ አይደለም። ፔንስ ከዴንተን አጠገብ ዘ ኤኮ ላብ በተባለ ስቱዲዮ ሙያውን እያካበተ ሲሄድ የባንዱ ድምፅ ከአልበም አልበም እየተገለጠ መጣ፤ በ2003 እና በ2006 የወጡት አልበሞች ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸሩ መስኮቱ የተወለወለ ቤት ይመስላሉ። በሥራ ላይ እያሉ መማር የሚባለውን ነገር ለተማሪ ማስረዳት ብፈልግ የእነዚህን አልበሞች ቅደም ተከተል አስደምጥ ነበር። ከውጭ የመጣ ፕሮዲዩሰር፣ ከላይ የወረደ ገንዘብ አልነበረም፤ አንድ አባል ባለሙያ ሆነ፣ ባንዱም አብሮት ጠራ። በ2014 በሰላም ተበተኑ።

የሁለተኛው ባንድ የሚድሌክ ታሪክ የበለጠ የተወሳሰበ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። አባላቱ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሰባሰቡ የዩኒቨርሲቲው የጃዝ ተማሪዎች ነበሩ። ዘፋኛቸው ቲም ስሚዝ የሳክስፎን ተማሪ ነበር፤ መጀመሪያ የሚጫወቱትም ፈንክ ያዘለ ጃዝ ነበር። ከዚያ ሬዲዮሄድንና የመሳሰሉትን ሰሙና ሳክስፎኑን አስቀመጡ። በ2004 ባምናን ኤንድ ስሊቨርኮርክ የተሰኘ የመጀመሪያ አልበማቸውን ያሳተመላቸው ቤላ ዩኒየን የተባለ የለንደን ድርጅት ነው፤ ባለቤቱ ሳይመን ሬይሞንድ ራሱ ኮክቶ ትዊንስ በተባለው ባንድ ቤዝ ይጫወት የነበረ ሰው ነው። አልበሙ በዴንተን በቤት ውስጥ የተቀረጸ፣ በርካሽ ሲንተሳይዘርና በሻካራ ድራም የተሞላ ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች መጫወት የማይችሉ አልነበሩም። በጃዝ ትምህርት የተገሩ እጆች ሆን ብለው እንደ ጀማሪ ይጫወቱ ነበር። ሴንትሮ-ማቲክ የተነሣው ከእጥረት ነው፤ ሚድሌክ ግን ሻካራነትን ለበሰው። ማይክል ስፔንስ በ1973 ስለ ሥራ ገበያ በጻፈው ጥናት እንዳስረዳው፣ አንድ ምልክት መረጃ የሚሰጠው እውነቱ የሌለው ሰው በቀላሉ ሊያስመስለው ሲሳነው ነው። የካሴት ጫጫታ በ1985 አንድ ነገር ይናገር ነበር፦ ይህ ሰው ስቱዲዮ የለውም፣ አሳታሚ የለውም፣ የሚሰማህ ሳይሸመገል የመጣ ቃል ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤዳት የተባለው ዲጂታል መቅረጫና ፕሮ ቱልስ የተባለው ሶፍትዌር መጡ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ደኅና ድምፅ መቅረጽ የሚያስችል ኮምፒዩተር ተማሪ ቤት ገባ። ንጹሕ ድምፅ ርካሽ ሲሆን ሻካራው ድምፅ ማስረጃነቱን አጣ፤ እንዲያውም ጫጫታው ራሱ በሶፍትዌር እየተገዛ የሚጨመር ቅመም ሆነ። በ2004 ሻካራ አልበም ያወጣ ባንድ የሚሰጠው መረጃ ስለ ኪሱ ሳይሆን ስለ አልበም መደርደሪያው ነበር።

ሚድሌክ በ2006 ያወጣው ዘ ትራያልስ ኦቭ ቫን ኦክዩፓንተር የተለየ ዓለም ነው። ሲንተሳይዘሩ ወደ ኋላ ሄዶ ፒያኖ፣ አኩስቲክ ጊታርና ዋሽንት ወደፊት መጡ፤ የድምፃውያኑ ኅብረት የ1970ዎቹን የካሊፎርኒያ ሮክ ያስታውሳል፤ ተቺዎች ከፍሊትዉድ ማክ ጋር ያመሳሰሉትም ለዚህ ነው። አልበሙን ያዘጋጁት ግን ራሳቸው፣ እዚያው ዴንተን ሆነው ነው። ስለዚህ የጠራው ድምፅ ከትልቅ ከተማ የተገዛ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ የከፈለበት ችሎታ ከተደበቀበት መውጣቱ ነበር። የባንዱ ስም በአውሮፓ የተነሣው በዚህ አልበም ነው፤ እኔም ከሥራዎቻቸው ሁሉ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚሁ ነው።

መጥራት ግን ገደብ አለው። በ2010 የወጣው ዘ ከሬጅ ኦቭ አዘርስ የእንግሊዝን ጥንታዊ የሕዝብ ዜማ የሚከተል፣ እያንዳንዱ ድምፅ የተለካ ሥራ ነው። ለኔ ጆሮ ከልክ በላይ ተለክቷል፤ አየር ያንሰዋል። ቀጥሎ ለሁለት ዓመት ያህል ሌላ አልበም ሲያንከባልሉ ቆዩና በ2012 ስሚዝ ባንዱን ለቀቀ። የቀሩት ያን ሥራ በሙሉ ጥለው በስድስት ወር ገደማ አዲስ አልበም ቀርጸው በ2013 አወጡ። የስቱዲዮ ሰዓት በማይቆጠርበት ቤት ውስጥ የመጨረሻውን ጉድለት ማሳደድ ማቆሚያ የለውም። ቀደም ሲል ሰዓት አለመቆጠሩ ብዙ ዘፈን ያስወልዳል ብያለሁ፤ መመዘኛው ከፍ ሲል ያው ነፃነት ዘፈን ያስወርዳል።

በዚያው በ2010 የሆነ አንድ ነገር ከፖሊሲ አንጻር ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዘ ዛርስ የተባለው ባንዱ ፈርሶበት የነበረው ጆን ግራንት ዴንተን መጥቶ፣ የሚድሌክ አባላት አጅበውት፣ ኩዊን ኦቭ ዴንማርክ የተባለውን አልበም ቀረጸ፤ ሞጆ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የዓመቱ ምርጥ አልበም አለው። አንድ ባንድ ለራሱ ሲል ያካበተው መሣሪያና ጆሮ የሌላ ሰው ሕይወት ማንሻ ሆነ። በከተማ ልማት ሰነዶቻችን ውስጥ እንዲህ ያለውን ጥቅም የሚመዘግብ ዓምድ የለም።

ሦስተኛው ባንድ ዘ ባፕቲስት ጄኔራልስ ነው። መሪው ክሪስ ፍሌመንስ በ2003 በሰብ ፖፕ በኩል ያወጣው አልበም ጋራዥ ውስጥ የተቀረጸ፣ ጥሬ ሥራ ነበር፤ በመክፈቻው ዘፈን ላይ ስልክ ጮኾ ሲያቋርጠው የዘፋኙ ንዴት ሳይቀር እዚያው ተቀርጾ ቀርቷል። ቀጣዩ አልበም የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2013 ነው፤ በመካከሉ ቀርጾት ያልወደደውን ሥራ ጥሎ ነበር። አዲሱ አልበም የብዙ ሰው እጅ ያለበት፣ ሰፊና የጠራ ነው።

በእነዚያ አሥር ዓመታት ፍሌመንስ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው የፍራይ ጎዳና፣ የተማሪዎችና የሙዚቀኞች ሰፈር፣ ለአንድ የሂዩስተን አልሚ ተሸጦ በ2007 አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ፈረሱ፤ ቦታውም ለዓመታት ባዶ ሆኖ ቆየ። ፍሌመንስ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ነበር፤ በ2009 ደግሞ በአውራ ጎዳናው ቁጥር የተሰየመ የሙዚቃ ፌስቲቫል ዴንተን ላይ መሠረተ። የዴንተን ሕዝብ በ2000 ቆጠራ 80,537 ነበር፤ በ2020 139,869 ሆነ። የዳላስና የፎርት ወርዝ አካባቢ በጠቅላላው በዚያው ጊዜ ከ5.2 ሚሊዮን ወደ 7.6 ሚሊዮን አደገ። ከመጤዎቹ መካከል እኛም አለንበት። ርካሹ የኪራይ ቤት፣ ማለትም የሎ-ፋይ ዋነኛው ጥሬ ዕቃ፣ ያለቀው በዚህ ወቅት ነው። ራበር ግላቭስ የተባለው፣ ከ1997 ጀምሮ የባንዶች መለማመጃም መድረክም የነበረው ቤት በ2016 በሩን ዘጋ፤ በኋላ በአዲስ መልክ ቢከፈትም የቀድሞው ዘመን አልተመለሰም።

(አንባቢ ካሰበው አይቀር፣ ስለ ዴንተን የሚያወሳውን እጅግ ዝነኛ ዘፈን የጻፈው የዴንተን ሰው አይደለም። የዘ ማውንቴን ጎትሱ ጆን ዳርኒየል ነው፤ ዘፈኑ ያለበት የ2002 አልበም የተቀረጸው በአንድ የፓናሶኒክ ቴፕ ነው፣ የቴፑ ሞተር ሲፈጭ ከዘፈኑ ጋር ይሰማል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፎር ኤዲ ለተባለው አሳታሚ በሙሉ ስቱዲዮ የተቀረጸ ሌላ አልበም አወጣ። ሽግግሩን ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ጨረሰው።)

አሁን ወደ ቤታችን። የእኛ የሙዚቃ ታሪክ ከሻካራ ወደ ጠራ የሚሄድ ቀጥታ መሥመር የለውም፤ እንዲያውም ለረጅም ጊዜ የተጓዘው በተቃራኒው ነው። አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ሞኖፖሊውን ደፍረው፣ የዓለማየሁ እሸቴን ሥራ በሕንድ አሳትመው አመጡ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ወደ ደርዘን የሚጠጉ አልበሞች አወጡ። ቀረጻው ቀላል ነበር፤ ባንዱና ድምፃዊው አንድ ላይ ቆመው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በጥቂት ማይክሮፎን። ዝምታውም ስህተቱም የዚያች ሰዓት ነው። ነገር ግን ሸክላ ሸክላ ነው፤ ጥሩ ተቀርጾ ጥሩ ከታተመ ሃምሳ ዓመት ይቆያል።

ከአብዮቱ በኋላ አቶ አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ሸክላው በካሴት ተተካ። የሰዓት እላፊው ሙዚቃን ወደ ሆቴሎች ቅጥር አስገባው። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሒልተን ይጫወቱ የነበሩት በዚያ ዘመን ነው። ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የወጣው ወደ ሐረር ጉዞ የተሰኘው ሥራቸው በግዮን ሆቴል የተቀረጸ፣ በካሴት የተሠራጨ ነው። ካሴት የድሃ አገር ቴክኖሎጂ ሆኖ ገበያውን አሰፋው፤ እያንዳንዱ ሙዚቃ ቤት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ማባዣ ሆነ። የመጀመሪያው ቅጂ የት እንደተቀመጠ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። በዴንተን ጫጫታው የተወለደው በመቅረጫው ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን አብዛኛው የተጨመረው በመንገድ ላይ፣ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ያስፈልገናል።

ዋልያስ በ1981 ለትርዒት ወደ አሜሪካ መጣ፤ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚሁ ቀሩ። በ1985 ኃይሉ በዋሽንግተን፣ ያለ ባንድ፣ አኮርዲዮኑንም ሮድስ ፒያኖውንም ሲንተሳይዘሩንም ራሳቸው እየተጫወቱ፣ በድራም ማሽን ታጅበው ሸሞንሟናዬን ቀረጹ። ዊል ጆንሰን ከአሥር ዓመት በኋላ ከሚሠራው ጋር ዘዴው አንድ ነው፤ ምክንያቱ ግን የስደት ምክንያት ነው፤ ባንድ የሚሞላ ሰው አልነበረም። ካሴቱ ወደ አገር ቤት ተልኮ ተሸጠ፣ ተረሳ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ኖሩ። በ2013 ብራየን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ገዝቶ፣ ባለቤቱን አፈላልጎ አገኘና ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው ድርጅቱ በኩል አሳተመው። ከዚያ በኋላ በ2018 ላላ በሉ፣ በ2020 የኔ ምርጫ የተሰኙ አዳዲስ አልበሞች በንጹሕ ስቱዲዮ ድምፅ ወጡ። በ2018 ዕድሜያቸው ከ70 አልፎ ነበር።

ቅደም ተከተሉን ከሚድሌክ ጋር አስተያዩት። ሚድሌክ ሁለት ዓመት ጠብቆ ጠራ። ኃይሉ መርጊያ ከአሮጌው ካሴት እስከ አዲሱ የስቱዲዮ አልበም 33 ዓመት ወሰደባቸው፤ የጠራውን ሥራ የሚገዛ ዓለም የተገኘውም የሻከረው መጀመሪያ ስለተሸጠ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች የከፈተው ገበያ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም ያ ገበያ የሚፈልገው አንድን ዘመንና አንድን የድምፅ ቀለም ነው። ክሩ ካልጮኸ ኢትዮጵያዊ የማይመስላቸው ሰብሳቢዎች አሉ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በጥሩ ስቱዲዮ የሚቀረጽ ወጣት በዚያ ገበያ የሚያገኘው ዋጋ አባቱ በግድ ከተቀረጸበት ካሴት ያነሰ ሊሆን ይችላል። የድህነታችን ጫጫታ ለሌላው ጌጥ ሆኖ ሲሸጥ ደስ የሚለኝ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ገበያው ሥራዎቹን ከመጥፋት አድኗል፣ ከእኛ ተቋማት ማንም ባልተንቀሳቀሰበት ሰዓት።

የዋጋው ታሪክ በእኛ ሠርግ አዳራሾችም ይታያል። ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን በ1966 እንዳሳዩት፣ የቀጥታ ትርዒት ሰዓት በቴክኖሎጂ አይቀንስም፤ አራት ሰው የሚጫወተውን አራት ሰው ነው የሚጫወተው። የመቅረጫው ዋጋ ሲወድቅ የአምስት ሙዚቀኛ አብሮ የመለማመጃ ጊዜ ግን እየተወደደ ሄደ። በዚህ አካባቢ በጋርላንድም ሆነ በሪቻርድሰን ብዙ ሠርግ የሚደምቀው በአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ምቱ፣ ቤዙ፣ ነፋሱ መሣሪያው ውስጥ ተቀምጧል። ድምፁ ከሮሃ ባንድ ካሴት ይልቅ በብዙ የጠራ ነው። ዘመዶቼ ግን ሲጨፍሩ እንኳ የሚያወሩት ስለ ሮሃ ነው። ዴንተን ውስጥ የጠራው ድምፅ አብረው የሚኖሩ አምስት ሰዎች ነበሩት፤ የእኛ የጠራ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው ያለው፣ እሱም ሰኞ ጠዋት ሌላ ሥራ ይገባል።

ወደ ተግባሩ ስመጣ፣ አስቸኳዩ ነገር በየቤቱ ጓዳ በካርቶን የተቀመጠው ካሴት ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠራ ክር ማግኔታማውን ዱቄት የያዘው ማጣበቂያ እየላላ ይሄዳል፤ ሙቀቱ ከፍ ባለ ጋራዥ ደግሞ ይፈጥናል፣ የቴክሳስ ሐምሌ ለካሴት ምሕረት የለውም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ በሶፍትዌር ማጽዳት ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የክር ጫጫታ የሚበዛው በከፍተኛው የድምፅ ክልል ነው፤ የማሲንቆ ፍጭት፣ የክራር አክሮ፣ የድምፃዊው ሰ እና ሸ የሚኖሩትም እዚያው ነው። ጫጫታውን ያስወገደ ሶፍትዌር እነዚህንም ይዞ ይሄዳል። ባሕል ጠባቂዎች የሚከተሉት ደንብ መጀመሪያ ምንም ሳይነካ እንዳለ መገልበጥ፣ ያንን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ለአድማጭ የሚሆን የጸዳ ሁለተኛ ቅጂ ማዘጋጀት ነው። በመገልበጥ ብዛት የመጣው ጫጫታ ደግሞ የሚቀንሰው በማጽዳት ሳይሆን ለመነሻው የቀረበውን ካሴት በመፈለግ ነው፤ ለዚህም የአንድ ቤት ካርቶን አይበቃም፣ የብዙ ቤት ካርቶን ጎን ለጎን መቅረብ አለበት።

ይህን ሥራ የሚያውቅ ተቋም ከዳላስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አለ። የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የቴክሳስ ታሪክ መግቢያ የተባለውን ዲጂታል ክምችት ያስተዳድራል፤ ከአነስተኛ ቤተ መዘክሮችና ከማኅበረሰብ ድርጅቶች ጋር እየተዋዋለ ፎቶግራፍ፣ ጋዜጣ፣ ፊልምና ድምፅ ያስቀምጣል። የፎርት ወርዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ የአሥርተ ዓመታት የዜና ፊልሞች የተገለበጡት እዚያ ነው። የኢትዮጵያውያን ሕይወት በዳላስና በፎርት ወርዝ አሁን የአርባ ዓመት ታሪክ ነው፤ ካሴቶቹም፣ አንዳንዶቹ እዚሁ በሠርግና በበዓል የተቀረጹ፣ የዚህ ግዛት ታሪክ አካል ናቸው ብሎ መከራከር አያዳግትም። የሚያዳግተው መብቱ ነው። በካሴት ዘመን ሙዚቀኛው አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ተከፍሎት ይሄዳል፤ ወረቀት ካለ ሙዚቃ ቤቱ ጋ ነው፣ ሙዚቃ ቤቱ ደግሞ ተዘግቷል ወይም ባለቤቱ ሞቷል። ቤተ መጻሕፍቱ ለማስቀመጥ ፈቃድ አይቸግረው ይሆናል፤ ለሕዝብ ለማሰማት ግን ይቸግረዋል። ስለዚህ የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችን መቅረጫ ከመግዛታቸው በፊት ሊቀጥሩት የሚገባው አንድ አማርኛ የሚያነብ፣ ስልክ መደወል የማይታክተው ሰው ነው፦ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንና እዚሁ ዳላስ በሕይወት ያሉትን የባንድ አባላት እየፈለገ፣ በየትኛው ካሴት ላይ ማን ምን እንደተጫወተ፣ ማን እንደከፈለና ምን እንደተፈረመ የሚመዘግብ። ሙዚቀኞቹ በአብዛኛው ሰባዎቹን አልፈዋል።